የመቀናጆው ትራክተር

ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገባ! ከቡሬ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ከነማረሻው፣ ቀይ በቀይ ሆኖ ገባ። ትንሽ ነው የሚል ሰው አለ። ትንሽ ይሁና! እኔም ቁመቴ አጭር ነው፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ አሰኝቼ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ይህን ደብተር የጀመርኩት ለእሱ ነው። የሸጠልኝ ሰው "መምህር ክንፈሚካኤል፣ ያረሰበትን፣ የጠጣውን ናፍጣና የታመመበትን ቀን ይመዝግቡ" ብሎኛል። "ይታመማል እንዴ?" ስለው ሌላ ወሬ አመጣ።

የሦስት ዓመት በርበሬ፣ የጓሮው ባሕር ዛፍ፣ በመጨረሻም በሬዬ ቦራ ሄዱበት። በመጋቢት ቦራ የተሸጠ ዕለት ባለቤቴ ሠርክአዲስ በር ላይ ቆማ "እጅጉስ?" አለችኝ። እጅጉ ወንድሟ ነው። "እነግረዋለሁ" አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አንድ በሬ ነበረኝ፣ እጅጉም አንድ በሬ አለው። አሥራ አንድ ዓመት በመቀናጆ አርሰናል። ሁለቱን እንጠምዳለን፤ አንድ ቀን የእኔ መሬት ይታረሳል፣ በማግስቱ የእሱ። አሁን ቦራ ስለሌለ የእሱ በሬ ዳለቻ ብቻውን ቀረ። ልነግረው ሦስት ጊዜ ከቤት ወጥቻለሁ። አንዴ ዘነበ። አንዴ ቤቱ አልነበረም። አንዴ ደግሞ ነበረ።

ሚያዝያ 17

ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያየዋል። ሠርክአዲስ ዶሮ እንዳያበላሸው ብላ አሮጌ ጋቢ አልብሳዋለች። በዚህ የተነሳ አገር ምድሩ "ሙሽራው" ይለው ጀመር። ከአጥር ወዲያ ያለችው እህተ ማርያም፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምላሷን የሚይዝላት የጠፋው ሴት፣ "መምህር፣ ሙሽራው ከጫጉላ የሚወጣው መቼ ነው?" ብላ ሰው አሳቀችብኝ። መሬቱ ይርጠብ እንጂ አሳያታለሁ።

ማታ እጅጉ ዳለቻን ብቻውን እየነዳ ወደ ወንዝ ሲወርድ በደጃችን አለፈ። እኔን አላየኝም። ማለት፣ አይቶኛል። ትራክተሩ አጠገብ ቆም ብሎ "ደህና ዋልክ፣ ቦራ?" ብሎት ሄደ።

ለብረት ሰላምታ ይሰጣል እንዴ ሰው!

ሚያዝያ 20

ዛሬ ተሞከረ። ሰው ተሰብስቧል። ሦስት ትልም አረስኩ፣ ቀጥ ያለ ትልም። በአራተኛው ከፊቱ ነጭ ጭስ ቡልቅ አለና ቀጥ አለ። ልጆች አጨበጨቡ፤ ያለቀ መስሏቸው ነው። እኔም ያለቀ አስመስዬ ወረድኩ።

ለጠሃ ደውያለሁ። ጠሃ ቡሬ ያለ መካኒክ ነው፣ የታወቀ።

ሚያዝያ 24

ጠሃ መጣ። ከራዲያተሩ ፊት ያወጣው ገለባ አንድ አህያ ቁርስ ይበላበታል። "ጋሼ፣ የት ነው የሚያሳድሩት?" አለኝ። "ክምሩ ሥር፣ ነፋስ እንዳይመታው።" ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ "እስቲ ይንዱትና ልይ" ብሎ ጎን ለጎን እየሄደ አየኝ። ሲያበቃ እንዲህ አለ፦

"እግርዎን ከፍሪሲዮኑ ላይ ያንሱ። ማርሽ ሲቀይሩ ብቻ ነው የሚረገጠው። ሁልጊዜ ከረገጡት ሸራውን ይበላዋል።"

"ታዲያ እግሬ የት ይቀመጥ?" አልኩት። የመኪና ሰው ለእግር ቦታ ሳያዘጋጅ ፔዳል ይሠራል እንዴ? መርገጫ ከሆነ ይረገጣል። ልጁ ሥራ ያውቃል፣ ማስረዳት ግን አይችልም። የማስረዳትን ነገር ለእኔ ነው የሚተዉት።

የእጁን ከፈልኩ፣ ከነትራንስፖርቱ፣ ከነምሳው። ሠርክአዲስ ምሳውን ስታቀርብ "ቦራ ሲታመም ፌጦ ነበር የምንሰጠው" አለች። ለማንም አይደለም ያለችው። ለግድግዳው ነው።

ሚያዝያ 30

ጉድ በል! ቀዮዋ ዶሮ ወንበሩ ሥር ያለው የመፍቻ ሳጥን ውስጥ እንቁላል ጥላ ታቅፋለች። "አውጫት" ስል ሠርክአዲስ "ዘጠኝ እንቁላል ነው፣ አትነካትም!" አለች። "ትራክተር ነው እኮ!" "ታዲያ ቆሞ የለም እንዴ? የቆመ ነገር ላይ ነው የተቀመጠችው።"

ሳጥኑን ከነዶሮዋ ፈትቼ አወረድኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለት ቦታ ነክሳኛለች።

ግንቦት 3፣ እሑድ

እጅጉ ከሶኛል።

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ሽማግሌዎቹን ይዘው ጠበቁኝ። እጅጉ ዋርካው ሥር ቆሟል፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሰው የሞተበት ይመስል። መሪጌታ ረጋ ብለው፦

"ክንፈሚካኤል፣ በሬህን ስትሸጥ ለመቀናጆህ ነግረኸዋል?"

"ልነግረው ወጥቼ ነበር፣ መሪጌታ።"

"ደርሰህ ነበር?"

"ዘነበ።"

"በመጋቢት?"

በመጋቢትም አልፎ አልፎ ይዘንባል እኮ። እጅጉ "እኔ ካሳ አልፈልግም፤ ለዳለቻ ጓደኛ ይስጠኝ። መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነው" አለ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩና መሪጌታ ፈረዱ፦

"ቦራ ተሽጦ ይኸ ተገዛ። እንግዲያስ ቦራ ማለት ይኸ ነው። የመቀናጆው ደንብ ይሁንበት። አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እጅጉ። የበዓል ቀን አይቆጠርም፣ ለቅሶ የሄደ ሰው ተራው ይጠብቀዋል። በማን እጅ ሳለ ከተሰበረ ደግሞ ያ ሰው ያሠራዋል።"

የመጨረሻዋን ስሰማ ደስ አለኝ። እጅጉ ብስክሌት እንኳ ነድቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ይሰብረዋል፣ ያሠራዋል፣ ነገሩም እዚያው ያከትማል። "የሽማግሌ ቃል አላፈርስም!" ብዬ የመሪጌታን ጉልበት ሳምኩ። ይህን የጻፍኩት ለእውነት ብዬ እንጂ በክፋት አይደለም።

እጅጉ ሲሄድ ዞር ብሎ "ዳለቻም በተራህ ይመጣልሃል። ደንብ ደንብ ነው" አለኝ።

ዳለቻን ምን ላድርገው?

ግንቦት 4

የእጅጉ ቀን። ጠዋት አስተማርኩት። ጫማውን አወለቀ። "ለምን?" ብለው "ምን እንደምረግጥ ልወቅ" አለ። የእኔን ማብራሪያ በከፊል ነው የሰማው። ቁልፉን አዞረው፣ ተነሳ። ሄደ። እስከ ቀትር አረሰና ሞተሩን አጥፍቶ ከዛፍ ጥላ ሥር አቆመው፣ እሱም አጠገቡ ተቀመጠ።

"ሞተር እኮ አይደክመውም!" አልኩት ከአጥር ላይ።

"አንተን ነግሮህ ነው?"

አልተሰበረም። ገና ነው።

ግንቦት 6

ትናንት አቦ ስለነበረ ተራዬ ዛሬ ሆነ። ጠዋት በራፌ ላይ ዳለቻ ቆሟል። እጅጉ ገመዱን ካስማው ላይ አስሮልኝ ሄዷል። መሬቴ ዳር ወስጄ አሰርኩት። ቀኑን ሙሉ እያመነዠከ አየኝ። የትራክተሩ ሞተር አልነሳ ሲል ትክ ብሎ አየኝ፤ ስታገለው አየኝ፤ ከውስጡ የሆነ ነገር ኪርርር ብሎ ዝም ሲልም አየኝ። በመምህርነት ዘመኔ ይመጡ ከነበሩት ተቆጣጣሪዎች ሁሉ የከፋ ነው።

ጠሃ በስልክ "ቁልፉን ስንት ደቂቃ ይዘውት ነበር?" አለ።

"እስኪገባው ድረስ።"

ሞተሪኖው ተቃጥሏል፣ ማስነሻው ማለት ነው። በእኔ እጅ ነው የተሰበረው። እኔው አሠራለሁ። አዲሱ ከቡሬ እስኪመጣ እየገፉ ማስነሳት ነው።

ግንቦት 11

እጅጉ አረሰ። ማታ ማታ ቁልቁለት ላይ ያሳድረዋል፤ ጠዋት ለቀቅ ሲያደርገው እየተንደረደረ ራሱ ይነሳል። ብልጠት መሆኑ ነው። እኔ ንብረቴን ገደል አፋፍ ላይ አላሳድርም።

ግንቦት 13

አራት ሰው ቀጥሬ ሲገፉልኝ ዋሉ። አልተነሳም። ከሰዓት ተነሳና የአየር ፊልትሮው ተዘጋ። ዳለቻ አየኝ።

ግንቦት 18

እጅጉ አረሰ።

ግንቦት 19

አልተነሳም።

ግንቦት 20

እጅጉ አረሰ! ወይ ግሩም! አንድ ዓይነት ትራክተር፣ አንድ ዓይነት ናፍጣ፣ አንድ ዓይነት አፈር። ለእሱ ያርሳል፣ ለእኔ ይሞታል። ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ "የመምህርን ትራክተር አያ እጅጉ ባይደርስለት ይሞት ነበር" ትላለች። ሌላዋ "ድሮም ቦራን ያበላው የነበረው እሱ ነው" ትላለች። ቦራን እኔም አበላ ነበር። ሰው የበዓል ቀን የሰጠሁትን አያስታውስም።

ይኸ መተት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ግንቦት 25

ተራው የእጅጉ ነበር። ጎህ ሳይቀድ የእህተ ማርያም አጥር ሥር ተኝቼ ሰለልኩት። ያየሁትን ልጻፍ። አንድ፣ መጥቶ ዞረው፣ ሁለት ጊዜ። ሁለት፣ ከፊቱ ያለውን ሣርና ገለባ በጣቱ እየለቀመ ጣለ። ሦስት፣ ጎማውን መታ መታ አደረገው። አራት፣ ዘይቱን መዝዞ አይቶ አሸተተ። አምስት፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው! በዓይኔ በብሌኑ ያየሁት ነው።

እህተ ማርያም ላም ልታልብ ወጥታ "መምህር፣ አጥሬ ሥር ምን ይሠራሉ?" አለች። የወደቀ ነገር እየፈለግሁ ነው አልኳት። "ምን?" ስትለኝ ምንም አልመጣልኝ አለና "ጠመኔ" አልኩ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው።

በቀጥታ ወደ መሪጌታ ሄድኩ። "ይደግምበታል፣ በጆሮው ሲያንሾካሹክ አይቻለሁ" አልኳቸው። ልጅ ልከው እጅጉን ጠየቁልኝ። ልጁ መልሱን ይዞ መጣ፦ "'ቀስ ብለህ ዋል፣ አያጣድፍህ' ነው የምለው ይላል።"

መሪጌታ ፂማቸውን አሻሹ። "ይኸ ድግምት ከሆነ ለሁላችንም በደረሰን" አሉኝ።

እኔ የምለው፣ አያጣድፍህ ያለው ማንን ነው? ማነው የሚያጣድፈው?

ግንቦት 28

ሞተሪኖው መጥቶ ገጠምን። ለሳምንት መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ዋጋው ከመንገዱ ጋር ጨምሯል። አልጽፈውም። ሠርክአዲስ ደብተሬን አልፎ አልፎ የምታነብ ይመስለኛል።

ዝናቡ ገብቷል። በቆሎ ከሰኔ ሚካኤል በፊት መዘራት አለበት፣ ከዚያ ካለፈ አገዳ ብቻ ነው የሚሆነው። የእጅጉ ሁለት ጥማድ ቀርቶታል። የእኔ ከአምስቱ ሦስቱ ገና ነው። የትራክተሩ ባለቤት እኔ፣ ብዙ መሬት ጦሙን ያለው የእኔ! ሠርክአዲስ ጎተራውን ከፍታ አየችና ዘጋችው። እሷ ዝም ስትል ነው የምፈራው።

ሰኔ 2

ጥሩ ቀን። አንድ ተኩል ጥማድ አረስኩ፣ ተዘራ። ፔዳሉ ትንሽ ወፈረ መሰለኝ፣ ወይም እግሬ ነው። ቀረኝ አንድ ተኩል። ማታ ትራክተሩን ለእጅጉ አስረከብኩት፣ ነገ የእሱ ነው።

ሰኔ 3

የእጅጉ ሚስት አጎት አርፈው ሌሊት ወደ ገበዝ ማርያም ለቅሶ ሄዱ። ትራክተሩ ቁልቁለቱ ላይ ቆሟል። ባዶውን። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል።

ዛሬ ምንም አልተፈጠረም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት የት እንደነበርኩ መጻፍ አስፈላጊ አይደለም። ትራክተሩ በነበረበት ቦታ ነው ያለው። የጎማውን ዱካ በቅጠል ጠርጌዋለሁ። ሽታው በነፋስ ይጠፋል። ሱሪዬ ትንሽ ጭቃ ነክቶታል።

ሰኔ 4

እጅጉ ከለቅሶ ተመለሰ። ጠዋት አስነሳው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። ማርሽ ያስገባል፣ ይጮሃል፣ አይሄድም። ወረደ፣ ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ ሲያሸተው አየሁ። ከአጥሬ ውስጥ ነበርኩ። ጎመን እየኮተኮትኩ ነበር። ጎመን የለንም።

ሰኔ 5

ጠሃ አቦም ቢሆን ምንም ቢሆን ለእሱ የሥራ ቀን ነው፣ መጣ። ፈታው። የፍሪሲዮኑ ሸራ አመድ ሆኗል፣ የሚያርፍበት ብረትም ተበልቷል። ዕቃውና የእጁ አንድ ላይ የደህና በሬ ዋጋ ነው። እጅጉ ባዶ እግሩን ቆሞ ሰማ።

"በእኔ ተራ፣ በእኔ ደጅ ነው የሞተው" አለ። "እኔ አሠራዋለሁ።"

ጠሃ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አይደለም ያየው፣ ጫማዬን ነው። "ይሄ በጭቃ ውስጥ ታፍኖ የተነዳ ነው" አለ። እጅጉ "እኔ ጭቃ ውስጥ አልነዳሁትም፣ ግን በእጄ ነው ያለው" አለ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። የወጣው ግን "ምሳ ብሉ እንጂ" የሚል ነው።

ሰኔ 6፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጻፈው፣ ቢያንስ ለወረቀት ልናገር።

ሰኔ ሦስት አውጥቼው ነበር። አንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ነው። ተራው እንደሚጠብቀው አውቃለሁ፤ መሪጌታ ሲናገሩ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ግን ሁለት ጥማድ የማይሞላ መሬት ብቻ ቀርቶኝ ትራክተሩን ቆሞ ሳየው አላስቻለኝም። ሁለት ትልም አርሼ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ነዳጅ ስሰጠው ይጮሃል፣ እግሬን ደግሞ ከፔዳሉ ላይ አላነሳሁም። ጠሃ አንሳ ብሎኝ ነበር። ፈርቼ ነው ያላነሳሁት! ስፈራ እግሬ የሚረግጠው ነገር ይፈልጋል። እንደ ተቃጠለ ጎማ ሸተተ። እየተንፏቀቀ ቦታው ደረሰ፣ እኔም የሌባ ሥራዬን ሠርቼ፣ ጠርጌ፣ ገባሁ።

ሦስት ቀን ሆነው። ሦስቱንም ቀን "ነገ እናገራለሁ" አልኩ። ዝናብ እንኳ ሰበብ አልሆነኝም፣ ቤቱ አርባ እርምጃ ነው።

ዛሬ እራት ላይ ሠርክአዲስ "እጅጉ ነገ ዳለቻን ፍኖተ ሰላም ገበያ ሊያወጣው ነው" አለችኝ። የጠቀለልኩትን እንጀራ ትሪው ላይ መለስኩ። "ለምን?" አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው። ትክ ብላ አየችኝ።

"ያን ጭቃ ሱሪ ያጠብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለች። "እስከ ጉልበትህ ጭቃ ነበር። ዝም ያልኩት ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው። ወንድሜ ባዶ እጁን ሊቀር ነው፣ ክንፈሚካኤል።"

ስሜን ጠርታኝ አታውቅም። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት "አንተ ሰውዬ" ነኝ።

እኔ ነኝ ቦራን የሸጥኩት። እኔ ነኝ ዳለቻን ብቻውን ያስቀረሁት። አሁን ደግሞ ዳለቻንም እኔው ላሸጠው ነው። መምህር ተብዬ! ተማሪዬ እንዲህ ቢያደርግ ወላጅ አስጠራ ነበር።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ሲነጋጋ እጅጉ ቤት ሄድኩ። ወጥቷል። ዳለቻም የለም። እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ! ባጃጅ ተሳፍሬ ከብት ተራ ስደርስ ከብቱና ሰው አንድ ሆኗል። ስፈልግ ስፈልግ አንድ ደላላ የበሬ አፍ ፈልቅቆ ጥርስ ሲያሳይ አየሁ። ጥርሱን አወቅሁት። ዳለቻ ነው። ገዢው ከመራዊ የመጣ ሰው ነው፣ ገንዘቡን ከብብቱ ሊያወጣ ነው።

"አይሸጥም!" ብዬ ጮህኩ።

ከብት ተራው ሁሉ ዞረ። ደላላው "አንተ ደግሞ ማነህ? በሬው የማን ነው?" አለ።

"የእሱ ነው።"

"ታዲያ ምን አገባህ?"

"ፍሪሲዮኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ!"

ገዢው "በሬው ፍሪሲዮን አለው እንዴ?" ብሎ ደላላውን ጠየቀ፣ ገንዘቡንም ወደ ብብቱ መለሰ። ደላላው ማለ፤ ይኸ በሬ እንከን የለውም፣ እንደዚያ የሚባል በሽታ በአገራችን ገብቶም አያውቅ አለ። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ገፋ አድርገው ቀረቡና "ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ። "በእግር የሚረገጥ ነው፣ አባቴ።" "ታዲያ ለምን ረገጥከው?" እስካሁን ድረስ ከጠየቁኝ ሁሉ ትክክለኛውን የጠየቁ እሳቸው ናቸው።

እጅጉ ገመዱን እንደያዘ አልተነቃነቀም። ወደ እሱ ዞሬ፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ለቅሶ መሄዱን፣ ማውጣቴን፣ ቦዩን፣ ዱካውን በቅጠል መጥረጌን። የቦራንም ነገር ተናገርኩ፣ ያልዘነበውን ዝናብም። "የማሠራው እኔ ነኝ፤ ቤት ያስቀረሁትን ሁለት ጆንያ በርበሬ ሰኞ እሸጣለሁ። ዳለቻን አትሽጥ። አጥፍቻለሁ፣ እጅጉ። በጣም ነው ያጠፋሁት" አልኩት። ደላላው "እሺ፣ እኔስ የድለላዬን ማን ይከፍላል?" አለ። ከፈልኩት።

እጅጉ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ዳለቻን ነድቶ ወጣ። ሃያ እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቼ ተከተልኩት፣ እስከ ቤት ድረስ። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል። ዳለቻ ብቻ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ።

ሰኔ 8

ከቅዳሴ በኋላ ለመሪጌታም ተናገርኩ። "ከብት ተራ መናገርህን ከአንተ በፊት ሰምቼዋለሁ" አሉ። እስከዚህ ሰዓት አገሩ ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው። እጅጉ በሌላው በር ወጣ።

ሰኔ 9

በርበሬውን ሸጥኩ። ለጠሃ ቀብድ ላክሁ፣ ዕቃው ግን ከሐምሌ በፊት አይደርስም አለ። ሰኔ ሚካኤል ሐሙስ ነው። የእኔ አንድ ተኩል፣ የእጅጉ ሁለት ጥማድ እንዳለ ነው። ትራክተሩ ተፈትቶ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። እህተ ማርያም አጥር ላይ መጥታ ቆመች፣ የሚያስቅ ነገር ሳትናገር ተመለሰች። ይኸም አለ ለካ፣ ከስድብ የሚከብድ።

ሠርክአዲስን "እጅጉ ምን አለ?" አልኳት። "ምንም" አለች። "ማታ ግን እህተ ማርያም ቤት ሲገባ አይቸዋለሁ።"

ሰኔ 10

ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። በሩን ከፈትኩ። ካፊያ ነው። እጅጉ ቆሟል። ከፊቱ ዳለቻና የእህተ ማርያም ወይፈን ተጠምደዋል፣ ሞፈሩም ማረሻውም ተሟልቶ። እህተ ማርያም ከኋላ ዘር በቁና ይዛለች።

"የማን መሬት ልትሄዱ ነው?" አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ።

"የአንተ" አለ እጅጉ። ከሰኔ አምስት ወዲህ የነገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

"ተራው የአንተ ነው እኮ። ቆጥሬዋለሁ። ሰኔ ሦስትም የአንተ ነበር።"

"እኔም ቆጥሬዋለሁ። ተራው የእኔ ነው። በተራዬ ደግሞ ያሻኝን አርሳለሁ።" ጅራፉን አቀበለኝ። "ነገ የእኔን ታግዘኛለህ። ና፣ እርፉን ያዝ፤ መሬቱ ጭቃ ሳይሆን።"

ያዝኩ። ከቦራ ወዲህ ይዤ አላውቅም፤ ትልሜ እንደ እባብ ሄደ። እህተ ማርያም ከኋላዬ እየዘራች "መምህር፣ በቆሎው ራሱ መንገድ ሊጠፋበት ነው" አለችና እጅጉ ሳቀ፣ በአፍንጫው፣ እንደ ድሮው። ወይፈኑ ወደ ግራ ሲጎትት ዳለቻ ቀስ ብሎ ወደ መስመር ይመልሰዋል፣ ማንም ሳይነግረው። አንድ ተኩሉን ጥማድ ቀትር ላይ ጨረስን።

በመካከል ላይ እርፉን ይዤ ቆሜ ዓይኔን ስጠርግ እጅጉ አይቶኝ "ምን ሆንክ?" አለ። አቧራ ገብቶብኝ ነው አልኩት። ዝናቡ እየወረደ ነበር።